ትንበያው ዋሸኝ፣ ጃኬቴም ከዳኝ

ጥያቄ፦ «ከከተማ ወጣ ብዬ በእግር መጓዝ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በሞቃቱ ወቅት ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። በቀደም ግን በዚህ ብርድ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ኮረብታ ልንወጣ ሄድን። ስልኬ ላይ ያለው ትንበያ 6 ዲግሪ፣ ዝናብ 30 በመቶ ይላል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጉም ወረደብን፣ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነነፋሱ መጣ። ውሃ አያስገባም ተብሎ የገዛሁት ጃኬት ከውስጥ ራሰ። ጓደኛዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በኋላ ዝም አለ፣ ሳዋራውም በቅጡ አይመልስልኝም። ጫፉ ቅርብ ስለነበር ደርሰን ተመለስን። የወረድነው በጨለማ በስልክ መብራት ነው፣ እሱም 40 በመቶ እያለው ድርግም ብሎ ጠፋ። አሁን ትንበያ ማመን ትቼ ምን ልከተል? የተሻለ ጃኬት ልግዛ? ወይስ ብርዱ እስኪያልፍ ነገሩን ልተወው?»

ምላሽ፦ ጃኬት አትግዛ፣ ቢያንስ አሁን አትግዛ። ጉዞውንም አትተወው። ትንበያውም አልዋሸህም፣ አንተ ነህ ያልተናገረውን ያነበብክለት። ጓደኛህን ለአደጋ ያጋለጠችው አንዲት ሐረግ ናት፤ እሷንም ራስህ ጽፈሃታል፦ «ጫፉ ቅርብ ስለነበር»። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስልክህ ላይ የነበሩትን ሁለት ቁጥሮች እንያቸው።

6 ዲግሪ የየት ነው? አብዛኛው አፕ የሚነግርህ ስሙን ጽፈህ የፈለግከውን ከተማ ወይም መንደር ሙቀት ነው። መንደሩ ደግሞ ታች ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ኮረብታው ከመንደሩ 800 ሜትር ከፍ ይላል ብንል፣ መንደሩ 6 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ታች ዝናብ የሆነው እዚያ ላይ በረዶ ወይም የሁለቱ ቅልቅል ይሆናል። ስለዚህ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ዱብ ዕዳ አልነበረም፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ በአንድ ማባዛት ልትደርስበት ትችል ነበር። ተቃራኒው የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ ይወርድና እዚያው ይተኛል። ጠዋት ሸለቆው በውርጭ ነጥቶ ኮረብታው ሞቅ ብሎ ታገኘዋለህ። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥምህ ደስ ይበልህ፣ ግን አትልመድበት።

30 በመቶውን ደግሞ ብዙ ሰው «ትንሽ ይዘንባል» ብሎ ያነበዋል። ወይም «ከቀኑ ሲሶው ይዘንባል» ይላል። ሁለቱም አይደለም። እንዲህ ያለ ቀን 10 ጊዜ ቢመጣ፣ በ3ቱ ያ ቦታ ዝናብ ያገኛል ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚዘንብ አይናገርም። ካፊያም ሊሆን ይችላል፣ ዶፍም። እዚህ ከቆሙት 10 አውቶቡሶች የ3ቱ ፍሬን አይሠራም ቢሉህ «70 በመቶው ደህና ነው» ብለህ ዘው ትላለህ? የሰው ሁሉ ስህተት ይሄ ነው፤ መቶኛውን ያያል፣ ዝናቡ ከመጣ ምን እንደሚያደርገው አያስብም። ከተማ ውስጥ ብትሆን 30 በመቶ ማለት በረንዳ ሥር መጠለል ነው። መጠለያ በሌለበት ሸንተረር ላይ ግን ያው 30 በመቶ ሌላ ነገር ነው።

ትንበያ ለምን ይስታል ለሚለው አጭር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ የአየር ሁኔታ ተመራማሪ በኮምፒዩተር የሠራውን ስሌት ሊደግም ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ አስገባ። ልዩነቱ ከኢምንት የማይቆጠር ነው። ውጤቱ ግን ትንሽ ከቆየ በኋላ ከመጀመሪያው ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ሆነ። አየር እንዲህ ነው፤ መነሻው ላይ ያለች ሽርፍራፊ ስህተት እያደር ትገዝፋለች። የነገውን ሁኔታ በጥቅሉ ማወቅ ይቻላል። አንድ የተወሰነ ኮረብታ ላይ ዝናቡ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ይጀምራል የሚለው ግን ገና ያልተፈታ ነገር ነው። ስለዚህ «ዝናብ ከቀኑ 9 ሰዓት» ካለህ «ከ7 ሰዓት በኋላ ባለ በማንኛውም ሰዓት» ብለህ አንብበው።

እና ትንበያ ማመን አትተው፣ አነባበብህን ለውጥ። ከሙቀቱ ይልቅ መጀመሪያ ነፋሱን እይ፤ ድንገተኛ ሽውታውን ጭምር። ቀጥሎ ዝናቡ የሚጠበቅበትን ሰዓት፣ ከዚያ ዜሮ ዲግሪ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚውል። ለተራራ ተብሎ ለብቻው የሚሠራ ትንበያ ካለ ከስልክህ አፕ እሱ ይሻላል። ሁለቴ ተመልከት፣ ማታና ጠዋት። ማታ ያየኸውና ጠዋት ያየኸው ከተለያዩ ያ ራሱ መረጃ ነው፤ አየሩ ገና አልለየለትም ማለት ስለሆነ አጭሩን መንገድ ያዝ።

ከወጣህ በኋላ ደግሞ ትንበያው ዓይንህ ነው። በጠራ ሰማይ ላይ እንደተነደፈ ጥጥ የሳሳ ደመና ከገባ፣ ቀስ በቀስ ከወፈረ፣ ፀሐይን ወይም ጨረቃን ቀለበት ከከበባት፣ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ዝናብ ይከተላል። ከፍታ በአየር ግፊት የሚለካ ሰዓት ካለህ እሱም ይጠቅምሃል። አንድ ቦታ ቁጭ ብለህ እያረፍክ ሰዓትህ «40 ሜትር ወጥተሃል» ካለህ አንተ አልወጣህም፣ ግፊቱ ወርዷል። በዝቅተኛ ቦታ 8 ሜትር ያህል ልዩነት የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ለውጥ ነው፣ ስለዚህ 40 ሜትር ማለት 5 ሄክቶፓስካል ነው። ይህ በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሳታቅማማ ዙር።

አሁን ወደ ጓደኛህ እንምጣ፣ ምክንያቱም ጥያቄህ ውስጥ በጣም የሚያሳስበው እሱ ሆኖ ሳለ በሁለት መስመር አልፈኸዋል።

ብርድ የሚገድለው ከዜሮ በታች ሲሆን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስህተት ነው። በደረቅ ቀን፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ እየተራመድክ ሊሞቅህ ይችላል። ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ሆኖ ወጨፎ እየደበደበህ ግን ጉልበትህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ነገሩ ቀላል ነው። ሙቀት የሚይዝልህ ልብሱ ሳይሆን ልብሱ ውስጥ ተኝቶ የሚቀመጠው አየር ነው። ነፋስ ያንን አየር ያባርረዋል፣ ውሃ ደግሞ ቦታውን ይወስዳል። ውሃ ከተኛ አየር በ25 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያሳልፋል። ከላይ ደግሞ እርጥበቱ ሲተን ሙቀትህን ይዞ ይሄዳል።

የነፋሱን ድርሻ ለማወቅ አሜሪካዊው ፖል ሲፕልና ባልደረባው ቻርልስ ፓሰል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንታርክቲካ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ያለ ውሃ በስንት ጊዜ እንደሚረጋ እየለኩ ነበር። ከዚያ የወጣውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ አሻሻሉት፤ በዚያ ስሌት አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቆዳህ ላይ የሚሰማው ዜሮ ገደማ ነው። ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ 40 ከሆነ ከዜሮ በታች 7 ነው። ትንበያው ላይ «የሚሰማ ሙቀት» የሚለው ይሄ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፣ የተሰላው ለደረቅ ፊት ነው። የራሰ ልብስ ለለበሰ ሰው የሚናገረው የለም። ስለዚህ ከራስክ ቁጥሩን እርሳው፣ ከዚያ ይብሳል።

ለዚህ በጣም ግልጹ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 እንግሊዝ ውስጥ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ አገር የደረሰው ነው። ወጣት ስካውቶች ረጅም የእግር ጉዞ ውድድር ላይ ነበሩ። አየሩ ያን ያህል የበረደ አልነበረም፣ ከዜሮ በላይ ነው። ግን ዝናብና ነፋስ ነበር፣ መንገዱም ረጅም። ሦስቱ ሞቱ። ጉዳዩን ያጠናው ግሪፊዝ ፒዩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1953ቱ የኤቨረስት ዘመቻ ላይ የነበረው የሰውነት ሥርዓት ተመራማሪ። የደረሰበት ነገር ለእኔ ከማንኛውም የጃኬት ማስታወቂያ ይበልጣል። ልብስ ርሶ ነፋስ ሲመታው ሙቀት የመያዝ ኃይሉን አብዛኛውን ያጣል። ሰውየው እስከፈጠነ ድረስ በሚያመነጨው ሙቀት ይቋቋመዋል፣ ሲደክም ግን እርምጃው ይዘገያል። ሲዘገይ ሙቀት ማመንጨቱ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ይብስ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። እዚህ ላይ ጉልበተኛ መሆን ብዙም አያድንም፤ መቼ እንደሚደክምህ ያዘገየዋል እንጂ።

ጓደኛህ የነበረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል፣ መንገድ ላይ ቴርሞሜትር ስለማይኖርህ ጠባዩን ታያለህ። ዕቃ ከእጁ ይወድቅበታል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ቃል ይጎትታል። ደህና መሬት ላይ ይደናቀፋል። ይነጫነጫል፣ ወይም እንደ ጓደኛህ ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል። እና «ደህና ነኝ» ይላል! የታመመው ሰው ራሱን መመርመር የሚችልበት አእምሮ ነው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ እሱን አትጠይቀው። ከ100 ወደ ኋላ በ7 በ7 እየቀነሰ እንዲቆጥር ወይም አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጋር እንዲያገናኝ አድርገው። ካልቻለ ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ።

መንቀጥቀጡ ሲቆም «ተሻለው» ብለህ እንዳትደሰት። ሳይሞቀው ከቆመ፣ ሰውነቱ ትግሉን እየተወ ነው። ገና እየተንቀጠቀጠ ከሆነና ካወራ፣ ከነፋስ ከልለው፣ ከመሬቱ ለየው፤ ቦርሳም ቢሆን ከሥሩ አንጥፍ፣ እርጥብ መሬት ከነፋስ ባልተናነሰ ሙቀቱን ይመጥበታል። የራሰውን አውልቀህ ደረቅ አልብሰው፣ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር አጠጣው፣ ከዚያ በአጭሩ መንገድ ውረዱ። መንቀጥቀጡ ቆሞ ከፈዘዘ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው። አግድም አስተኛው፣ አታንገላታው፣ እንዲራመድ አታስገድደው፣ በአፉ ምንም አትስጠው፣ እርዳታ ጥራ። እጅና እግሩን ማሸት የለም። አልኮል በምንም መልኩ የለም፤ ሞቀኝ የሚያሰኘው የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ነው፣ ያ ማለት የቀረችውን ሙቀት አውጥቶ ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ጃኬቱ። «ከውስጥ ራሰ» ያልከውን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዝናቡን አይደለም፣ ላብህን ነው። ጎርቴክስም በለው ሌላ፣ እነዚህ ልብሶች በሁለት ጨርቅ መሐል ስስ ሽፋን አላቸው፤ የውሃ ጠብታ አያልፍበትም፣ እንፋሎት ግን ይወጣበታል። የሚወጣው ግን ውጭው ከውስጡ ደረቅ ሲሆን ነው። በዝናብ መሐል ውጭው በእርጥበት የተሞላ ነው። ከላይኛው ጨርቅ ላይ ያለው ውሃ የሚያንከባልል ቅብ ደግሞ በጊዜና በቆሻሻ ይለቃል፣ ያኔ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ላብህ ውስጡ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። አንተም ጃኬቱ አፈሰሰ ትላለህ። የፈለገ ውድ ብትገዛ ከዚህ አያመልጥም።

መላው ከጃኬቱ በፊት ነው። አለማላብ። ስትነሳ ትንሽ ሊበርድህ ይገባል። መነሻው ላይ ሞቆህ ከሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ አቀበቱ ላይ ያልብሃል። አቀበት ከመጀመርህ በፊት አንድ ልብስ አውልቅ፣ ጫፍ ከመድረስህ በፊት ደግሞ ልበስ፤ ብዙ ሰው የሚለብሰው ከበረደው በኋላ ነው፣ ያኔ ዘግይቷል። ቆዳህ ላይ የሚያርፈው ጥጥ አይሁን። ጥጥ ውሃውን ይጠጣል፣ አይለቅም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሙቀት አይነሳህም፣ ፖሊስተር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚመክት። ቦርሳህ ውስጥ ደግሞ፣ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ስትራመድ ፈጽሞ የማትለብሰው አንድ ወፍራም ደረቅ ልብስ ይኑር። የሚለበሰው ሲቆም ብቻ ነው። በቀደም ጓደኛህን የሚያድነው እሱ ነበር።

«ሙቀት ግማሹ የሚወጣው በጭንቅላት ነው» የሚባለውንም ተወው። ጭንቅላት ከሰውነት ቆዳ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚያስወጣውም ከዚያ ጋር የተመጣጠነ ነው። ኮፍያ ግን አድርግ፣ ለማውለቅና ለማጥለቅ ስለሚቀል ጥሩ መቆጣጠሪያ ነው። ከኮፍያው ይልቅ ሰው የሚረሳው ጓንት ነው። ቆፈን የያዘው እጅ ዚፕ አይዘጋም፣ ካርታ አይገልጥም፣ ስልክ አይነካም። ሁለት ጥንድ ያዝ፣ አንዱ መራሱ አይቀርም። ጫማን በተመለከተ ውሃ የማያስገባ ጫማ ውሃ አንዴ ከላይ ከገባበት አያስወጣም፣ ስለዚህ ከጫማው ጎን ትርፍ ካልሲ የግድ ነው።

አሁን ወደዚያች ሐረግ።

«ጫፉ ቅርብ ስለነበር»። ሰው እየመራሁ ስወጣ በብዛት የሰማሁት አረፍተ ነገር ይሄ ነው፣ እኔም ተናግሬዋለሁ። አንድ ቀን በእሱ ምክንያት አራት ሰው ይዤ ጭቃ ቁልቁለት በጨለማ ወርጃለሁ፤ ማንም አልተጎዳም፣ ግን ያደረገው ዕድል ነው። ስህተቱ የሚሠራው ለምን ይመስልሃል? ውሳኔው የሚወሰነው በጣም በደከመህ፣ በበረደህና ጫፉን ለማየት በቋመጥክበት ሰዓት ስለሆነ ነው። እዚያ ሰዓት ላይ ጥሩ የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ ውሳኔው ቤት መወሰን አለበት።

እንዲህ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ቀላል ደንብ አወጣ፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር አቀበት ጋር ብትሄድ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ይሄ ዕረፍት የለውም፣ ጭቃ የለውም፣ ነፋስ የለውም። በብርድ ወቅት ግማሹን ጨምርበት፣ ዕረፍቱን ደምር፣ 6 ሰዓት በለው። በረዶ ላይ እግርህ እየሰመጠ ከሆነ እጥፍም አይበቃም። ከዚያ ብርሃኑን ቁጠር። ከምድር ወገብ በራቅክ ቁጥር የብርዱ ወቅት ቀን ያጥራል፤ 50 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በታኅሣሥ ወር ጀንበር ከወጣች እስክትጠልቅ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ፀሐይ 11 ሰዓት የምትጠልቅ ከሆነና ለመውረድ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅብህ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ለክፉ ቀን አስቀምጥና ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ዙር። ጫፉ 10 ደቂቃ ቢቀረውም ዙር። እኔ ይህን ሰዓት ከመነሳታችን በፊት መኪናው ጋ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ለእነሱ ብዬ አይደለም፣ እኔ ስሰንፍ እንዲያስታውሱኝ ነው።

መንገዱም ራሱ ስህተት የሚችል ይሁን። ረጅም ሸንተረር ላይ ከወጣህ በኋላ መውረጃው መጨረሻው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያ የሞቃቱ ወቅት መንገድ ነው። በብርዱ ወቅት በየ45 ደቂቃው ወደ መንገድ ወይም ወደ ሰው ቤት የሚያወርድ መገንጠያ ያለውን ምረጥ። ነፋሱንም ቁጠረው፤ ትኩስ ጉልበት እያለህ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ሂድ፣ ስትመለስ ከጀርባህ ይሁን። ወንዝ የምትሻገርበት መንገድ ላይ ደግሞ ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ወገብ ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡ አንተ ጋ ባይጥልም ላይኛው አገር ጥሎ ሊሆን ስለሚችል። ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚጋልብ ውሃ አይገባበትም፣ ቢመሽም ዞሮ ድልድይ መፈለግ ነው። በረዶ የተቆለለበት አገር ከሆንክ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው የበረዶ ናዳ የሚበዛው። ከሥሩ ማለፍም ያው ነው፣ ናዳው ወደ ሜዳው ይወርዳል። ይህን ለመለየት ካልሠለጠንክ እንዲህ ያለ ቦታ አትጠጋ፣ በጽሑፍ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ስልክህ 40 በመቶ እያለው የጠፋው ተበላሽቶ አይመስለኝም። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የኬሚካል ሥራ ይዘገያል፣ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ባዶ የሆነ መስሎት ይዘጋል። ስታሞቀው ብዙ ጊዜ ይነሳል። ስለዚህ ስልክ ውጭ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፣ ሰውነትህ ጋ ይሁን፣ ካልተጠቀምክበት የበረራ ሁነታ ላይ አድርገው። ስልክ ግን መብራት አይደለም። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዝ፣ ቀን ወጥተህ ቀን የምትመለስ ቢሆንም። ካርታውን በወረቀት ያዝ፣ ኮምፓስ ጨምርበት፣ ጉም ሳይመጣ አነባበቡን ተለማመድ። ፊሽካ ያዝ፤ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መንፋት በተራራ አካባቢ የእርዳታ ጥሪ ነው። መልሱ በደቂቃ ሦስት ነው። ጥሪ አልገባ ሲል አጭር መልእክት የሚገባበት ጊዜም አለ፣ ሞክረው። ከሁሉ በፊት ግን ቤት ለቀረ ሰው የምትሄድበትን መንገድና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ እርዳታ ጥራ» የሚለውን ሰዓት ንገር። ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የልብ ሕመም ያለበት ሰው በብርድ አቀበት ሲወጣ ልቡ ላይ ሁለት ሸክም ይደረባል፤ ብርዱ የደም ሥሮቹን ያጠብባቸዋል፣ አቀበቱ ተጨማሪ ደም ይጠይቃል። አስም ያለበትን ደግሞ ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅስበት ይችላል። አንተ ወይም ጓደኛህ ከነዚህ አንዱ ካለባችሁ ከእኔ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ሌላው፣ በብርድ ጥማት ብዙም አይሰማም፣ ሰውነት ግን በትንፋሽም በላብም ውሃ ያጣል። ሳትጠማ ጠጣ። ፔርሙዝ ይዘህ ብትሄድ ደግሞ አልስቅብህም፣ እኔ ያለ እሱ አልወጣም።

እንግዲህ የምመክርህ ይህን ነው። የሚቀጥሉትን ሦስት ጉዞዎች በደንብ በምታውቀው መንገድ፣ ከሦስት ሰዓት ባልበለጠ፣ ሁልጊዜ መገንጠያ ባለበት አድርግ። ከሦስቱ አንዱን ሆን ብለህ ካፊያ ባለበት ቀን ውጣ፤ መኪናህ ወይም ቤትህ 40 ደቂቃ ርቀት ላይ ሆኖ መራስ ርካሽ ትምህርት ነው። ላብህን ተቆጣጠር፣ ጓንት አድርገህ ዚፕ መክፈት ተለማመድ፣ የመመለሻ ሰዓት ቁረጥና አንድ ጊዜ ጫፍ ሳትደርስ ተመለስ፣ ስሜቱን እወቀው። ነፋሱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ከበለጠ ወይም ነጎድጓድ ከተተነበየ ሸንተረር አትውጣ፣ በጫካ ውስጥ ወይም በሸለቆ ሂድ፤ ነፋሱ ከዚያም ከበረታ ግን ቅርንጫፍ ይሰብራልና ጫካውንም ተወው። ብቻህን ደግሞ ለጊዜው አይሆንም። ያንን ደረቅ ልብስ ለሁለት ሰው የሚሆን ያዝ፣ ጓደኛህ ሊረሳው ስለሚችል።

ጃኬቱን ግን ዛሬ ማታ እጠበው። ማለስለሻ ሳትጨምር፣ ከውስጥ በኩል የተሰፋው ጽሑፍ በሚያዝዘው ሙቀት አድርቀው፣ ሙቀቱ ያንን ቅብ ያነቃዋል። ከዚያ ትከሻው ላይ ውሃ አፍስስበት። ውሃው ከተንከባለለ ገንዘብህን ለግንባር ባትሪውና ለጓንቱ አድርገው። ጨርቁ ጠቁሮ ውሃውን ከጠጣ ቅቡን የሚያድስ ፈሳሽ ይሸጣል፣ እሱን ቀባው። እሱም ካልሠራ፣ ያኔ ስለ አዲስ ጃኬት እናወራለን።